እጃቸውን ያልታጠቡ እንግዶች

ልጆች፥ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንስሳት ማተብ በሚያስሩበት፥ የቤት ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን አንዲት ኤሊ ነበረች። እግዚአብሔርን የምትፈራ፥ ደግ፥ እንግዳ ወዳድ! ደግነቷ እንዲያውም ትንሽ በዝቶ ነበር። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያላትን ሁሉ፥ ከየት መጣህ ሳትል ታስገባለች።

አንድ ቀን ይህች ኤሊ የጎረቤቷን የጃርትን ሴት ልጅ በማግስቱ ክርስትና ልታነሳ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለሌላው ቅርብ ነው፤ ለኤሊ ግን የአንድ ቀን መንገድ። እኩለ ቀን ላይ ካልተነሳች አትደርስም፤ የክርስትና እናት ከሌለች ደግሞ ልጅቱ አትጠመቅም።

ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። ሐሳብ ነው። ያን ጊዜ ሐሳብ በእግሩ ይሄድ ነበር።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ከጃርት ቤት መምጣቴ ነው።»

«ግባ፥ ቤት ለእንግዳ!» አለች ኤሊ።

ጥግ የተቀመጠችው ማንቆርቆሪያ፥ «ኧረ እትዬ፥ መጀመሪያ እጁን ላስታጥበው!» ብላ ጮኸች።

«ርቦት ለመጣ እንግዳ ውኃ ታቀርቢያለሽ?» አለች ኤሊና ማዕድ አቀረበችለት።

እንግዳው እየጎረሰ፥ «ጃርት ዛሬ ጠዋት በደጅሽ ስታልፍ ሰላም አላለችሽም፥ አይደል?» አላት።

«እውነትም አላለችኝም!» ኤሊ ትንሽ ከፋት።

በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ሌላ ሐሳብ ነው።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ከጃርት ቤት መምጣቴ ነው።»

«ግባ፥ ቤት ለእንግዳ!»

«ኧረ እትዬ፥ ላስታጥበው!»

«ዝም በይ አንቺ!»

ሁለተኛው እንግዳ ጠግቦ ከበላ በኋላ፥ «ጃርት እኮ በአረማመድሽ ትስቃለች» አላት። ኤሊ በጣም ከፋት። ነጠላዋን አውልቃ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ግን ቁጭ አላለችም፤ እኩለ ቀን አለፈ።

ሦስተኛው ሲመጣ በሩ አልበቃው ብሎ በጎን ገባ። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ከጃርት ቤት መምጣቴ ነው። ነገ ከክርስትናው ቅሪባት! በሰው ፊት ትፈር!» አለ።

«እቀርባታለሁ!» አለች ኤሊ።

ይኼኔ ማንቆርቆሪያዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ዘላ ተነሳችና የሦስቱንም እጅ በውኃ አጠበችው። የጃርት ጓሮ አፈር ቀይ ነው። ከእንግዶቹ እጅ የወረደው ጭቃ ግን ጥቁር፥ የኤሊ የራሷ ጓሮ ጭቃ ነበር።

«ከጃርት ቤት መጣን አላላችሁም?» አለች ኤሊ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመጀመሪያው አንገቱን ደፍቶ፥ «እውነቱን ለመናገር፥ እዚሁ ጓሮሽ ነው ያደግነው። ጃርት ቤት ደርሰንም አናውቅ» አለ።

ኤሊ በራሷ አፈረች። ምንም የማታውቅ ሕፃን ከጥምቀቷ ልታስቀር ነበር! «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ ስታማትብ ሦስቱም በሩ ጠቧቸው እየተገፋፉ ወጡ።

ከዚያ ኤሊ ሮጠች። አትሳቁ! እንደ ኤሊ ሮጠች ነው ያልኳችሁ። አላረፈችም፥ አልበላችም። ቁልቁለቱ ላይማ እጅ እግሯን ሰብስባ እንደ ድንጋይ ተንከባለለች። ነጭ ካባ የለበሱት ቄስ ጉሬዛ፥ «የክርስትና እናቷ የታለች?» ሲሉ፥ «አለሁ አባቴ!» እያለች አቧራ በአቧራ ሆና ደረሰች።

ልጅቱ ተጠመቀች፤ እልልታው ቀለጠ። ጃርትም ጠጋ ብላ፥ «ትናንት በደጅሽ ሳልፍ የልጄን የማተብ ክር በአፌ ይዤ ነበር። ሰላም ሳልልሽ ቀረሁ፤ ትቀየመኝ ይሆን ብዬ ስሰጋ ነበር» አለቻት።

«ተቀይሜሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አለች ኤሊ። ጃርት እሾኋን አስተኝታ አቀፈቻት።

እናንተም ልጆች፥ ሐሳብ መጥቶ ልባችሁን ሲያንኳኳ፥ የእግዜርን ስም ስለጠራ ብቻ ማዕድ አታቅርቡለት። መጀመሪያ በጸሎት እጁን አስታጥቡት። «እገሌ ነው የላከኝ» ይላችኋል፤ ላኪው ግን ብዙ ጊዜ የራሳችን ልብ ነው።