ጃርት በር ስትመርጥ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ልነግራችሁ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ኮምፒውተር በሚነኩበት ዘመን፣ ሰርቨር የሚባል ትልቅ ቤት ነበረ አሉ። የበሩ ብዛት ለጉድ ነው። እያንዳንዱ በር ቁጥር አለው፣ ፖርት ይሉታል። አንድ በር አንድ ባለቤት ብቻ ይይዘዋል። እንግዳ ሲመጣ ቁጥር ካልተነገረው ቀጥ ብሎ ሰማንያ ቁጥርን ያንኳኳል። ባለበሩ ደግሞ ሲጠየቅ ይመልሳል እንጂ ወጥቶ አይጣራም፤ የቤቱ ሕግ ነው።

አንድ ቀን ጃርት የዝናብ ወሬ ልትናገር እዚህ ቤት ገባች። ሰማዩን አሽትታ በረዶ እንደሚመጣ አውቃለች። ጉንዳኖች ደግሞ የዓመት እህላቸውን ሜዳ ላይ አስጥተዋል። መጥተው ካልጠየቋት እህሉ ማለቁ ነው፣ ጃርት ተጨነቀች።

ሰማንያ ቁጥርን አንኳኳች። ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እትዬ ኤሊ፣ ይህን በር ይልቀቁልኝ።»

«እኔስ የት ልሂድ፣ ልጄ? ሌላ ፈልጊ።»

ጃርት አወጣች አወረደች። «ስምንት ሺህ ሰማንያ ይሁን። ለአፍ ይቀላል፣ ማንም አላሰበውም» አለች። ሄዳ ብታይ አያ ጅቦና እመት ጦጢት በሩን ይዘው ይጓተታሉ።

«ማንም አያስበውም ብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል ጅቦ።

«እኔም እኮ እንደዚያው ብዬ ነው» ትላለች ጦጢት።

ጃርት አፍራ ተመለሰች። በሦስተኛው ተናዳ ዳር ላይ ያለውን፣ አርባ ሰባት ሺህ ምናምን ቁጥር በር ያዘች። የሚጋፋት የለም። የሚያንኳኳም የለም። ብትጠብቅ ብትጠብቅ ዝንብ እንኳ ዝር አላለም። ደመናው ሲጠቁር እያለቀሰች ወደ ኤሊ ሮጠች።

«እትዬ ኤሊ፣ በሩ ይቅርብኝ። ከጉንዳኖች እርስዎ ጋ መጥቶ ‹ወደ ክብርት ጃርት› ያለውን ብቻ ዳር ላይ ወደያዝኩት በር ይምሩልኝ።»

ኤሊ ሳቀች። «መምራቱን እመራለሁ። ግን ጉንዳን አንቺን የት ያውቅሻል? ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው?»

«የዝናብ ወሬ።»

«እንግዲያው ‹ዝናብ› እንበለው።»

ጃርት ስሟ በመቅረቱ ቅር አላት። ቀና ብላ ሰማዩን አየችና ቅሬታዋን ዋጥ አደረገችው። ኤሊም በሩ ላይ እዝባር የሚሉትን ጋደል ያለ መስመር አሰመረች፤ ከጎኑ «ዝናብ» ብላ ጻፈች።

ወዲያው አንዲት ጉንዳን ደመናው አስፈርቷት መጣች። ጽሑፉን አነበበች፣ አንኳኳች፣ ኤሊም ወደ ዳሩ በር መራቻት።

«ይዘንባል እንዴ?» አለች ጉንዳን።

«በረዶ ነው። አሁኑኑ አንሱ» አለች ጃርት።

ጉንዳኖች ተሯሯጡ፣ ተሸካከሙ፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ጎተራ ስትገባ በረዶው ወረደ። የጃርትን ስም የጠየቀ አንድም አልነበረም። እሷም በዚያ ቀን አልከፋትም።

እናንተም በር ስትከፍቱ ስሙን ለሚመጣው እንግዳ ብላችሁ አውጡለት። እናንተማ ቤታችሁን ታውቁታላችሁ።