ጋሻውና ጎሹ

ጋሻው ተፈራ መታወቂያ ሊያሳድስ ወረዳ ቢሄድ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ወንጀለኛ አደረገው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስም ከስም ሲያመሳስል እንደ «አ»፣ «ኡ»፣ «ው» ላላ ያለውን ድምፅ ጥሎ እንደ «ግ»፣ «ሽ» ጠንከር ያለውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ጋሻው ተፈራና ሦስት እስር ቤት ሰብሮ ያመለጠው ወንበዴ ጎሹ ታፈረ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ወዲያው ጥበቃዎቹ እየገፈተሩ የወረዳው ኃላፊ ፊት አቀረቡት።

«ማሽን አይሳሳትም!» አሉ ኃላፊው ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ጎሹ አንተ ነህ፤ ፖሊስ ሳልጠራ እመን!»

ጋሻው ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ጎሹስ ወንድ ነው፤ ሦስት እስር ቤት ሰብሯል። እኔ ‹ነገ ተመለስ› እየተባልኩ ስመላለስ ሁለት ወር ሞላኝ፤ የእርስዎን በር አልፌ የገባሁት ገና ዛሬ ነው። እሱንም ወንበዴ ብመስል ነው!»