አህያ የጠበቀችው የመምህራን ግሩፕ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በርትቶ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ መንገድ በተቆረጠበት ዓመት፣ እንስሳት ልጆቻቸውን በኢንተርኔት ማስተማር ጀመሩ። መምህራኑ በየሸለቆው ተበታትነው ስለነበር አህያ «በስልክ እንዴት እናስተምር?» የሚል ግሩፕ ከፈተችላቸው። «አህያ ከሸክም ሌላ ምን ታውቃለች» ሲባልባት የኖረች ናትና፣ ሦስት መቶ አባል ሲሰበሰብላት ደረቷ በኩራት ተነፋ።

ብዙም ሳይቆይ መምህር ያልሆነውም እየገባ ግሩፑ ገበያ መሰለ። አያ ጅቦ ማለዳ ማለዳ «ማዶ በሬ ሞቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ይላል። ቀበሮ የዶሮ ላባ ትራስ ታስተዋውቃለች። አያ አንበሶ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ፎቶውን ይልካል፤ በላከ ቁጥር ሁሉም ተሽቀዳድሞ «ሺህ ዓመት ይንገሡልን» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ረቡዕ የሒሳብ አስተማሪዋ ኤሊ ለአህያ ደወለችላት።

«እትዬ አህያ፣ ሳስተምር ድምፄ እየተቆራረጠ ተማሪዎቼ ጥለውኝ ወጡ። ከሃያ አራቱ የቀሩኝ ስድስት ናቸው። ፈተናው ደግሞ ሰኞ ነው።»

«ታዲያ ለምን ግሩፑ ላይ አልጠየቅሽም?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። የሚመልስልኝ አጣሁ።»

አህያ ወደ ኋላ እየመለሰች ፈለገች። የኤሊን ጥያቄ ከበሬ ወሬ፣ ከትራስ ዋጋና ከሰባ ምርቃት ሥር ተቀብሮ አገኘችው። አፈረች። እስከዚያ ቀን ስትኮራ የነበረችው በአባላቱ ቁጥር ብቻ ነበር።

ወዲያው «የጨዋታ ሜዳ» የሚል ሌላ ግሩፕ ከፈተች፤ ትራሱንም በሬውንም ፎቶውንም ወደዚያ ወስዳ ከዚህኛው ሰረዘች። ከዚያ «እዚህ የምንነጋገረው ስለ ማስተማር ብቻ ነው። አሁን ለኤሊ እንመልስላት» ብላ ጻፈች።

ጥንቸል መለሰች፦ «ቪዲዮውን አጥፊና በድምፅ ብቻ አስተምሪ፤ ኔትወርኩን የሚያደክመው እሱ ነው። ሰሌዳሽን ፎቶ አንስተሽ ቀድመሽ ላኪላቸው።»

ቀበሮ ግን ወደ አንበሳ ዋሻ ሮጠች። «ጌታዬ፣ አህያ ፎቶዎን ሰረዘች። ከዚህ የበለጠ ንቀት አለ?»

አንበሳ የሚኖረው በእነአህያ ሸለቆ ነበርና በማግስቱ አስጠራት። ጅብም ትርፍራፊ አላጣም ብሎ ተከትሏት መጣ።

«ፎቶዬን የሰረዝሽው አንቺ ነሽ?» አላት አንበሳ።

አህያ ጆሮዎቿን ሳታወርድ መለሰች። «እኔ ነኝ ጌታዬ። ሌላው ሲልከው የምሰርዘውን የእርስዎ ሲሆን ብተወው፣ ነገ ማን ይሰማኛል? ስለ ማስተማር ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁ፤ እንደ ማንኛውም አባል መልስ ያገኛሉ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

«ልጄ ከኤሊ ትምህርት ወጥታ ነበር» አለ አንበሳ። «ድምፁ አይሰማኝም ስትለኝ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣኋት። ዛሬ ጠዋት ግን ድምፁ ጠርቶላት ተመልሳ ገባች። ደንቡ ለእኔም ይሁን።»

ጅብ ባዶ አፉን እያላመጠ፣ ቀበሮም ጭራዋን ሸጉጣ ሄዱ። ሰኞ ሃያ አራቱም ተማሪዎች ተፈተኑ። ወሬ ፈላጊው ሲወጣ ግሩፑ በግማሽ ቀነሰ፤ በዚያው ሳምንት ግን ጦጣ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ከምሳ በፊት ስምንት መልስ አገኘች። አህያም ያን ቀን አንገቷን ቀና አድርጋ በመንደሩ መካከል አለፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ መድረክን የሚጠብቅ ሰው ደንቡን ለታላቁም ለታናሹም እኩል ሲያጸና የቸገረው ሰው ጥያቄ ሰሚ እንደሚያገኝ ነው።