«ለደህና ነው» የሚባልበት መንደር

በእንኮይ በር መንደር ማለዳ የሰው ደጅ የሚረግጥ ሁሉ፣ ከሰላምታ በፊት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ለደህና ነው!» ብሎ ይጣራል። እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት እንኳ እንዲሁ ዘው ብሎ አይገባም። እንግዳ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው በጠላት ዘመን ነው። ባይህ የሚባል ገበሬ፣ ሹመት የሌለው፣ ስሙን ከመንደሩ በቀር ማንም የማያውቀው ተራ ወታደር፣ ጤፉን ዘርቶ ዘመተ። ሚስቱ አንጓች ጡት ካልጣለች ልጇ ጋር ቀረች። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና ማለዳ ጠላት ሆነባት፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር በግድግዳው ቀዳዳ እያጮለቀች «ወደኔ አይሁን፣ ወደኔ አይሁን» ትላለች። ወደ ማን ይሁን ታዲያ? እሱን ለማሰብ እንኳ ፍርሃቱ ፋታ አልሰጣትም።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አይደል? ጤፉ ለአጨዳ በደረሰ ሰሞን የባይህ መሞት ወሬ ለመንደሩ ትልቅ ሰው ለአባ ይግዛው ደረሳቸው። እርሳቸውም ከሽማግሌዎች ጋር መከሩ፤ ዛሬ ቢያረዷት መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ጤፉም ይረግፋል፣ ያቺ ሕፃን ምን ትበላለች? አስቀድመው ሊያጭዱላት ተስማሙና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማጭዳቸውን በጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ወደ ቤቷ ሄዱ።

አንጓች የሰዎቹን ብዛት ስታይ ልጇን አቅፋ በጓሮ ልትሸሽ ሮጠች። አባ ይግዛው ደንግጠው «አንጓች ልጄ፣ ለደህና ነው! ለአጨዳ ነው!» አሉ። አይ ያቺ ቀን! አንጓች እልል አለች፣ ያላትን ጠላ ሁሉ ቀዳች፣ አጫጆቹን እየዞረች መረቀች። እነሱ ግን ቀና ብለው ሊያዩአት አልቻሉም ይባላል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግመው መጡ። በዚያች ጧት ብቻ አንጓች አልፈራችም፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ «ደግሞ ልትከምሩልኝ ነው?» አለቻቸው።

መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ አባ ይግዛውን ትክ ብላ አይታ «አባ፣ ትናንት ለደህና ነው ብለውኝ አልነበረም?» አለች። ያ ፊቷ ከዓይናቸው አልጠፋ ቢላቸው፣ በባይህ ተዝካር ቀን መንደሩን ሰብስበው ማንም «ለደህና ነው» ብሎ እንዳይዋሽ ሁሉንም አስማሉ።

ከዚያ ወዲህ ደህና ወሬ የያዘ ይጣራል፤ መርዶ የያዘ ከአጥሩ ውጭ ዝም ብሎ ይቆማል። ዛሬም ልጇ የዘመተባት እናት ማለዳ ኮቴ ስትሰማ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። የመጣው ሰው ጥቂት ከዘገየባት፣ በሩን ሳትከፍት «ስለ ማርያም፣ አንድ ቃል በሉ!» እያለች ከውስጥ ትጮኻለች።