የትርንጎ መንጋጋና የጄኔሬተሩ ቁልፍ

ተረቴ ከአንድ ጉርሻ ይነሳል፤ ጆሮ ያለው ይከተለኝ።

ትርንጎ የምትባል በርበሬ ሻጭ ነበረች። ከሁሉም ኋላ የምትበቅለው መንጋጋዋ አመመቻትና አስነቀለቻት። በአምስተኛው ቀን አንድ ጉርሻ ሽሮ አማራት። አፏ ግን አልከፈት አለ፣ ከአገጯ ሥር ያለው እብጠት አልጎድል ብሎ።

እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ መውረድ ሲጀምር፣ «ተኝቼ አልጠብቀውም!» አለች በተገጠመ ጥርሷ። ነጠላዋን አጣፍታ ሆስፒታል ሄደች።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሐምራዊት ዳሰሰቻት። «እህቴ፣ ይሄ ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመው። የጥርስሽ ሥር ስባሪ ወደ ታች ሾልካ መግል ይዛለች። መርፌ እወጋሻለሁ፤ መርፌ ብቻውን ግን አይበቃም። ያለችበትን በራጅ ሳላይ ደግሞ አልቀድም።»

እንግዲህ አፏ አልከፈት አለ፣ እብጠቱ አልጎድል ብሎ፤ እብጠቱ አልጎድል አለ፣ ስባሪዋ አልወጣ ብላ፤ ስባሪዋ አልወጣ አለች፣ ራጁ አልታይ ብሎ።

መርፌዋን ተወግታ ወደ ራጅ ክፍል ሄደች። «መብራት ጠፍቷል» አላት ባለሙያው። «ጄኔሬተሩም ተቆልፎበታል። ቁልፉ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱት ጋሽ ሽብሩ ኪስ ነው፤ እሳቸው ከጀርባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀብር ላይ ናቸው። ስልክም አያነሱም።»

ትርንጎ አንገቷን በእጇ ደግፋ ወጣች። ጋሽ ሽብሩን አካፋ እንደያዙ አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ አፈር ሳላለብስ ወዴት እሄዳለሁ? እድርተኛው ምን ይለኛል?»

ትርንጎ አልተመለሰችም። በጥርሷ መሀል እያፏጨች ነገረቻቸው፦ «አፌ አልከፈት አለ፣ እብጠቱ አልጎድል ብሎ፤ እብጠቱ አልጎድል አለ፣ ስባሪዋ አልወጣ ብላ፤ ስባሪዋ አልወጣ አለች፣ ራጁ አልታይ ብሎ፤ ራጁ አልታይ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ፤ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ እርስዎ አልመጣ ብለው!»

ይህን የሟች ሚስት እማማ ብዙወርቅ ሰሙ። እንባቸውን ጠረጉና፣ «ሽብሩ!» አሉ። «የሞተውን እኛ እንቀብረዋለን፤ አንተ ያለችውን አትርፍ!»

አካፋው ወደቀ።

ጋሽ ሽብሩ ሮጡ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ራጁ ታየ፤ ዶክተር ሐምራዊት ቀደደች፤ ስባሪዋ ወጣች፤ መግሉ ፈሰሰ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ ከቀናት በኋላም አፏ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት እያለ ተከፈተ።

እማማ ብዙወርቅ በሐዘን ልብሳቸው ሊጠይቋት መጡ። ለስለስ ያለ የሽሮ ፍትፍት ይዘው ነበርና አጎረሷት። ትርንጎ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች።

«አንድ ያጣላል፣ እማማ» አለችና አፏን ደግማ ከፈተች።