አያ ጅቦ የከፈለበት መንገድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በእግር መሄድ ሰልችቷቸው ብስክሌት በለመዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚሉት ጅብ ከሚስቱ ከእመት ጅቢት ጋር በወንዝ ዳር ዋሻ ይኖር ነበር። ብስክሌት ነበረችው። አሮጌ ናት፤ ሰንሰለቷ ይንቋቋል፤ የኮርቻዋን ቆዳ ደግሞ ገና ባገኛት ሳምንት ራሱ በልቶት ባዶ ብረት ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳት። በየቀኑ ከዋሻው ይነሳና በትልቁ ዋርካ በኩል አድርጎ እስከ ኮረብታው ይነዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ማንም አይከለክለው፣ ማንም አብሮት አይሄድ።

አንድ ቀን እመት ቀበሮ ዋርካው ሥር ቆማ ጥሩምባ ነፋች። አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ጅቦም ከሩቅ ሆኖ ጆሮውን ቀሰረ።

«የፊታችን እሑድ ትልቅ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጅቻለሁ» አለች ቀበሮ። «መነሻው እዚሁ ዋርካው ሥር፣ መድረሻው ኮረብታው። መሄድ የሚፈልግ መመዝገቢያውን ይክፈልና ቁጥሩን ይውሰድ።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ቀስ እያለ ተጠጋት።

«እመት ቀበሮ፣ መንገዱ የትኛው ነው?»

«ያው መንገዱ ነዋ።»

«እኔ በየቀኑ የምሄድበት?»

«እሱው ነው።»

«በነጻ የምሄድበት?»

«አዎ አያ ጅቦ፣ በነጻ የምትሄድበት።»

«ታዲያ የሚከፈለው ለምኑ ነው?»

«ለጉዞው» አለች ቀበሮ፣ ሌላ መልስ እንደሌለ ሁሉ። «ከሁሉም እንደየቤቱ ነው የምቀበለው። ከአህያ አንድ ጆንያ ገብስ፣ ከጦጣ አንድ ቅርጫት ሙዝ። ከአንተ ደግሞ ያን ዋሻህ ውስጥ የሰቀልከውን የበሬ ጭን።»

ይኼ ጭን የዋዛ ጭን አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ወንዙ ሲሞላ አያ ጅቦና ሚስቱ ማዶ ተሻግረው አድነው መብላት አይችሉም። ስለዚህ በበጋ ያገኙትን ያደርቁና ለክረምት ይሰቅላሉ። ዘንድሮ ያገኙት ያንን አንድ ጭን ብቻ ነበር። እሱ ከጠፋ ሁለቱም ጦማቸውን ያድራሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አያ ጅቦ ቤቱ ገብቶ እየተንጎራደደ ሲያስብ ዋለ። አእምሮው ከሆዱ ጋር እንጂ ለብቻው ሠርቶ አያውቅምና ብዙ ደከመው። በመጨረሻ ሚስቱን ጠራት።

«ስሚኝማ ጅቢት። መዋጮ ያዋጣ ድግሱን ይበላል፣ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ ወጉ ነው።»

«ቀበሮ አሁን ጭን አዋጣ አለችኝ። ጭን ካስዋጣች ከጭን የሚበልጥ ነገር ደግሳለች ማለት ነው። መንገዱማ በነጻ ነው። ለመንገድ የሚከፍል ሞኝ የት አለ? ሚስጥሩ ድግሱ ነው።»

እመት ጅቢት አፈጠጠችበት። «ቀበሮ ደግሳ ያጠገበችው ማን ነው? ስሙን ጥራልኝ።»

አያ ጅቦ ሊጠራ አስቦ ማንም አልመጣለትም።

«እኔ ልከለክልህ አልችልም፤ ያመጣኸው አንተ ነህ» አለች ሚስቱ። «ግን ያን ጭን ይዘህ ከወጣህ የጭን ያህል ይዘህ ነው የምትመለሰው። ክረምቱ በር ላይ ነው። በባዶ እጅህ ብትመጣ አብሬህ አልራብም፤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«በልቼም ይዤም እመጣለሁ» አለ አያ ጅቦ፣ እየማለ እየተገዘተ።

እሑድ ደረሰ። አያ ጅቦ ጭኑን ተሸክሞ ሄደ፣ አስረከበ። ቀበሮም ሃያ ሦስት ቁጥር የተጻፈበት እራፊ ጨርቅ ደረቱ ላይ አሰረችለት። አሸተተው። ዳር ዳሩን ቀመሰው።

«አይበላም» አለችው ቀበሮ።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ከእኛ ጋር መሆንህን ያሳያል።»

ይኼም አልገባውም። ትንሽ ቆይቶ ዋርካው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አያ አንበሳ ብድግ ብሎ አፉን እየጠረገ ተናገረ። «ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ማንንም አይነካም። የነካ ከእኔ ጋር ነው።» ይህን ብሎ ተመልሶ ተኛ። ከአፉ የመጣው ሽታ ለአያ ጅቦ አዲስ አልሆነበትም፤ የት እንደሚያውቀው ግን አልመጣለትም።

ጉዞው ተጀመረ። ገና ዋርካውን እንዳለፉ አንዲት ፍየል ከጎኑ መጥታ «እንደምን አደርክ አያ ጅቦ?» አለችው። አያ ጅቦ ሌላ ጅብ ያለ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። ተወልዶ እስኪያረጅ ፍየል እንደምን አደርክ ብላው አታውቅም፤ ፍየል ሲያይ የሚያየው ጭራዋን ነው። ቀጥሎ ድኩላ አለፈና «አይዞህ፣ ዳገቱ ቅርብ ነው» አለው። ጥንቸሏም እጇን አውለበለበችለት። ሌላው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። አያ ጅቦ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ፊቱን አጨፈገገ። ይኼ ሁሉ ሰላምታ ድግሱን እንዳላገኝ ሊያዘናጉኝ ነው አለ በልቡ።

አንደኛው ማረፊያ ላይ በሶ ተበጥብጦ ቀርቧል። ሌላው አንድ አንድ ቅል ጠጥቶ አለፈ። አያ ጅቦ ስድስት ጠጣ፤ በሶ ይጠላል። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ጦጣ ሙዝ ታድላለች። አያ ጅቦ ሙዝ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ቢሆንም የከፈለውን ማስመለስ አለበትና አሥራ ሰባት ከነልጣጩ ዋጠ።

«እመት ጦጢት፣ አንድ የበሬ ጭን ስንት ሙዝ ይሆናል?»

ጦጣ ራሷን አከከች። «ሙዝ ሙዝ ነው። ጭን ጭን ነው።»

«እሱማ ነው። ግን ስንት ብበላ ነው የሚካካሰው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሆድህ ግን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ተነፍቷል።»

እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ እያቃሰተ ይነዳ ጀመር። ሁሉም ጥሎት ሄደ። ጭራሽ ዳገቱ ሥር ሲደርስ እሾህ ወጋውና ጎማው ተነፈሰ። መንገዱ ዳር ተዘርፍጦ ሲቀመጥ ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ። አህያ ናት፤ ዘና ብላ፣ ግራ ቀኙን እያየች ስትመጣ። ደግሞ ቆመችለት።

«ቀዳዳ ነው? አይዞህ፣ መንፊያ ይዣለሁ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የእሷ ባል ይባስ ብሎ ሳይመጣ ቤት ቀርቷል። እሷ ግን አጠገቡ ተንበርክካ ጎማውን ፈታች፣ ለጠፈች፣ ነፋች። አያ ጅቦ አንገቷን አየ፣ አንበሳውን አሰበ፣ ፊቱን አዞረ።

«እመት አህይት» አላት በመጨረሻ፤ «አንቺ በየቀኑ ወፍጮ ቤት የምትሄጂው በዚሁ መንገድ አይደለም?»

«በዚሁ ነው።»

«በነጻ?»

«በነጻ።»

«አንድ ጆንያ ገብስ ከፍለሽ በዚሁ መንገድ መሄድሽ ታዲያ ምን የሚሉት ነው? ሙዙን እንኳ አልበላሽም። አይቼሻለሁ።»

አህያ መንፊያውን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። «ዳገቱ ላይ ሾላ እንዳለ ታውቃለህ? ያፈራ፣ ቀይ በቀይ የሆነ ሾላ። አምስት ዓመት ስመላለስ ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ዛፉ አምስት ዓመት የት ሄዶ ነው?»

«እዚያው ነበር። እኔ ነኝ ወደ ኋላዬ እያየሁ የምነዳው።»

«ኋላሽ ምን አለ?»

«አንተ» አለችው።

«እንዴ፣ ገብሱን የከፈልሽው ለእኔ ነው?»

«አንተን ሳልፈራ አንድ ቀን ለመዋል ነው። ውድ ነው ብሎኛል ባሌ። ለእሱ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ርካሽ ነው።»

«እኔስ? እኔ ለምንድን ነው የከፈልኩት?»

«እሱን ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች። «በል ተነስ፣ አብረን እንውጣ።»

አብረው ወጡ። እሷ ስለ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ስስት፣ ስለ ልጇ እልኸኝነት ስታወራው፣ እሱም ሳይታወቀው ሳቀ። ለማስፈራራት ሳይሆን እንዲሁ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ከዳገቱ አጋማሽ እስከ ጫፉ ድረስ ስለ ጭኑ አንዴም አላሰበም። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ እንዳለው ግን አላወቀም፤ የሆድ ቁርጠቱ የለቀቀው መሰለው።

ኮረብታው ላይ ቀበሮ ቆማ ለሚመጣው ሁሉ ታጨበጭባለች። አያ ጅቦ ጭኑ ትዝ አለው።

«ድግሱ የት አለ?»

«የምን ድግስ?»

«ጭኔ ታዲያ የት ደረሰ?»

«አያ አንበሳ ሆድ ውስጥ» አለች ቀበሮ፣ ሳትደብቅ። «የተራበ አንበሳ አጠገብ ማን ሰላም ያድራል? እሱን ለማጥገብ ነው። ገብሱ በሶ ሆነ። ሙዙን አብዛኛውን አንተ በላኸው። ለድካሜም ትንሽ ቆንጥሬያለሁ፤ አልዋሽህም።»

አያ ጅቦ ተንኮሉን ፈለገ። ከላይ አየው፣ ከታች አየው። ጉዞ አለች፣ ጉዞ ሆነ። ሰላም ተባለ፣ ሰላም ሆነ። ቀበሮ ሳታታልል መዋሏን ማመን አቃተው፤ ብታታልለው ኖሮ ቢያንስ የሚናደድበት ያገኝ ነበር።

«ተበልጫለሁ ወይስ አልተበለጥኩም?» ብሎ ራሷን ጠየቃት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለችና ወደ ሌሎቹ ዞረች።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሁሉም ወደየቤቱ ተጣደፈ። አህያም መጣችና «እስከ ዋርካው አብረን እንውረድ፤ ፀሐይዋ ገና ናት» አለችው። ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረዱ። እሷ ወሬዋን ቀጥላለች። አያ ጅቦ ግን አሁን አይሰማትም። ሚስቱ ትታየዋለች፣ የሞላው ወንዝ ይታየዋል፣ ባዶው የጭን መስቀያ ይታየዋል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። አንዲት አህያ ስንት ጭን አላት? ቆጠረ። አራት።

ዋርካው ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠለቀች። አህያ «በል ደህና እደር» ልትለው ፊቷን ስታዞር አያ ጅቦ ዘለለባት። ዘለለ ማለት እንኳ ያስቸግራል። ስድስት ቅል በሶና አሥራ ሰባት ሙዝ ይዞ ማን ይዘላል? ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ። አህያ አንዴ ረገጠችው፤ ግንባሩን አገኘችው። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ በረረች። እስክትሰወር ድረስ ወደ ኋላዋ እያየች ነበር የምትነዳው።

ባዶ እጁን ሚስቱ ፊት መቅረብ ፈርቶ ከዋሻው ውጭ ቁጥቋጦ ሥር ያደረው አያ ጅቦ በማግስቱ ግንባሩ አብጦ ተነሳ። ነገሩ አላስተኛውም። ያ የተከፈለበት መንገድና ይኼ የነጻው አንድ ከሆኑ፣ ትናንት ያገኘውን ዛሬም በነጻ ያገኘዋል። ይህን አስቦ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። በዋርካው በኩል ሄደ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ዳገቱም ያው ዳገት። ሾላው እንኳ እንዳፈራ ቆሟል። መንገዱ ላይ ግን አንድም ነፍስ አልነበረም፤ አህያ ለሁሉም ነግራ አውሬው በማዶ በኩል መሄድ ጀምሯል። አያ ጅቦ ኮረብታው ላይ እስኪመሽ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አያውቅም።

ሲመለስ ዝናቡ ጀምሯል። እመት ጅቢት ቁርበቷን ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች።

«ጭኑን ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«ምን ገዛህበት?»

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። ዝናቡ አፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል።

«እኔ እንጃ» አላት። «የሆነ ነገር ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ዳገቱ ላይ፣ በእጄ ነበር። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ነከስኩት፣ ሄደ።»

እሷም ቁርበቷን ተሸክማ ወደ እናቷ ቤት መንገድ ጀመረች፤ እሱም እዚያው ዝናቡ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ለአንድ ነገር የተከፈለ ዋጋ መብዛቱና ማነሱ የሚታወቀው ምን ፈልገን እንደከፈልን ስናውቅ መሆኑን፣ የገዛውን የማያውቅ ግን ያገኘውን መልካም ነገር በገዛ ጥርሱ እንደሚያባርር ነው።