ሁለት ጉድጓድ፣ አንድ ውሃ

አንድ ዘውገ የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። በአገሩ ደንብ ቆፋሪ ለሥራው ራሱ ዋስ ነው፤ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ቢደርቅ፣ የቆፈረው የእህል ጉድጓድ ውሃ ቢያስገባ፣ ያለ ዋጋ ወርዶ ያቃናል። እምቢ ያለ ቆፋሪ ሁለተኛ የሚጠራው የለም። ዘውገ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆፍሮ አንድም ቀን ድገም ተብሎ አያውቅም። እንጀራው ስሙ ነበር።

አንድ ዓመት የአገሩ ባላባት ቀኛዝማች አምዴ፣ ለከብቶቼና ለጓሮዬ ብለው ወንዙን ከቤታቸው ሥር በድንጋይና በጭቃ ገደቡት። ውሃው ተኛ፣ ሰፋ፣ ኩሬ ሆነ። ወደ ታችኛው መንደር የምትወርደው ውሃ ቀጠነችና ጠፋች። መንደርተኛው መጀመሪያ ብዙም አልደነገጠም፤ ጉድጓድ አለን አለ።

በጥር አንዱ ጉድጓድ ደረቀ። ዘውገ ተጠራ፤ ወርዶ ሁለት ክንድ ጨመረለት። በየካቲት ሌላው ደረቀ። ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ያን ሁሉ ዘመን ያልደገመ ሰው በጥቂት ሳምንት አራት ጉድጓድ ደገመ፣ ያውም በስልሳ ዓመቱ። ወገቡ አልቀና አለ። ሚስቱ በለጡ ጀርባውን በቅቤ እያሸች በቃህ ብትለው፣ ብተወው ስሜስ አላት። መንደርተኛው ደግሞ አርጅቷል፣ እጁ ከድቶታል ማለት ጀመረ። ግድቡን ሁሉም ያየዋል፤ ባላባቱን ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

በመጋቢት ከባላባቱ ቤት ተጠራ። ማሽላቸው ከተቀበረባቸው ሦስት ጉድጓዶች አንዱ ተከፍቶ እህሉ በስብሶ ተገኝቷል። ጉድጓዱን ከስምንት ዓመት በፊት የቆፈረው ራሱ ዘውገ ነው። ወርዶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። በኩሬው በኩል ያለው ጎን ውሃ ያወጣል፤ የተቀረው ደረቅ ነው። እዚያው እታች ቁጭ አለ። መናደድም አማረው፣ መሳቅም አማረው፤ ለሁለቱም አቅም አጣ።

ቀኛዝማች ከላይ ሆነው፣ "አንተ ሰው፣ ታች ስትቆፍር ውሃ የለም፣ እዚህ ስትቆፍር ውሃ ብቻ። ምን ዓይነት ቆፋሪ ነህ?" አሉት።

"ጌታዬ፣ ቆፋሪውም አንድ ነው፣ ውሃውም አንድ ነው" አለ ዘውገ። "ወንዝ ላይ ላዩን ብቻ አይሄድም፤ በአፈር ውስጥም ይሄዳል። የታችኞቹ ጉድጓዶች የሚጠጡት ከእሱ ነበር። መንገዱን ቢዘጉበት በጎን ሰርጎ ማሽላዎ ውስጥ ገባ።"

"ዝም ብለህ ሌላ ቆፍርልኝ።"

"እቆፍራለሁ፣ ደንብ ነው። ግን የትም ብንቆፍር ይኸው ውሃ ይከተለናል። ይፍቀዱልኝና ግድቡን ልቆፍር።"

ቀኛዝማች ተቆጥተው አሰናበቱት። ነገር ግን ሁለት ጉድጓድ ማሽላ ቀርቷቸዋል፣ አዲስ እህል እስኪደርስ ደግሞ ገና ነው። በሦስተኛው ቀን አንዱን አስከፍተው እጃቸውን ሰደዱ። የዳር የዳሩ እህል ርሷል። ዘውገን አስጠሩት።

ግድቡ ተከፈተ። ጉድጓዶቹ ግን ወዲያው አልሞሉም፤ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። ሰዉ ከወር በላይ ጠበቀ፣ ዘውገም ሲታማ ከረመ። ውሃው የተመለሰ ዕለት መንደርተኛው ነቅሎ ወጥቶ ቀኛዝማችን መረቀ። ዘውገን ይቅርታ ያለው የለም። አንዲት ጎረቤቱ ብቻ በሩ ላይ ቆማ፣ "እሰይ፣ እጅህ ዳነልህ" አለችው። የሆነውን ሊነግራት አሰበና ደከመው። አሜን ብሏት ገባ።

ለጎረቤት የነፈጉት ነገር ባስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም፤ ከሥር ከሥር ሄዶ የራስን ጎተራ ያበሰብሳል። እስከዚያው ግን የሚጎብጠው መሐል ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። እስቲ ልብ በሉ፦ በቤታችሁም በመሥሪያ ቤታችሁም ነገር ሲደርቅ የምትወቅሱት ታች ያለውን ቆፋሪ ነው፣ ወይስ ዳገቱን ወጥታችሁ ወንዙን ማን እንደያዘው ታያላችሁ?